የልጄ ጓጉንቸር

ልጄ የምትሠራው ከመሬት በታች ሦስት መቶ ሜትር ላይ ነው። የድንጋይ ከሰል ከሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ማሽኖቹን የሚመግቡትን የኤሌክትሪክ ኬብሎች ትመረምራለች፤ የተጎዳውን ትጠግናለች። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነግረኝ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ፣ «ከሰሉ ሲናድ፣ ጋዙ ሲፈነዳ፣ ውሃው ሲገባ፣ ኤሌክትሪኩ ሲይዝሽ» እያልኩ የምትሞትባቸውን መንገዶች በጣቴ ቆጠርኩላት። አምስተኛውን ስፈልግ እሷ ራሷ፣ «ሊፍቱ ሲበጠስ፤ እሱን ረሳሽው እማዬ» አለችኝ።

እኔ እንዲህ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ቤቴ ውስጥ መጋረጃና የአልጋ ልብስ እሰፋለሁ፤ በቀረኝ ጊዜ ክፉ ክፉውን አስባለሁ። በር ሲንኳኳ ሰው ሞተ እላለሁ። ሳይንኳኳ ከዋለ ደግሞ ሊነግሩኝ ፈርተው ነው እላለሁ። የመድኃኒት ወረቀት ፊትና ጀርባውን ሳላነብ አንዲት ክኒን አልውጥም፤ አንብቤ ስጨርስ ደግሞ ጭራሽ መዋጡን እተወዋለሁ። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ የከሰል መቁረጫ ማሽን የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ፣ «እትዬ እኔን ስንት ጊዜ ቀብራኛለች! አንድ ቀን የእውነት ስሞት እንባዋ አልቆ ታገኙታላችሁ» እያለ በሰው ፊት ያስቅብኛል።

ስለ ኬብል የማውቀው ሁሉ በፍርሃት የመጣ እውቀት ነው። ልጄ እራት እየበላች እኔ እጠይቃለሁ፤ እሷም አትሰለችም። መቁረጫ ማሽኑ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር እንደ ክንድ የወፈረ ኬብል ከኋላው ይጎትታል። ኬብሉ እርጥብ መሬት ላይ ይሳባል፤ ድንጋይ ይወድቅበታል፤ አንዳንዴም ከሰል የጫነ ጋሪ ይሄድበታል። ጎማው ከተሰነጠቀ እርጥበት ይገባል፤ እርጥበት ከገባ ኤሌክትሪኩ ማምለጫ ያገኛል። እኛ ቤት ቢሆን ፊውዝ ተቃጠለ ብለን ሻማ እንፈልጋለን። እዚያ ግን አየሩ ውስጥ ጋዝ ሊኖር ይችላል፤ ለጋዝ ደግሞ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ስለዚህ ልጄ ኬብል ከመንካቷ በፊት ማብሪያ ሳጥኑን ታጠፋና የራሷን ጓጉንቸር ትቆልፍበታለች። ቀይ ነው፤ ቁጥሯና ፎቶዋ ተለጥፎበታል፤ ቁልፉም አንድ ብቻ ነው። እዚያ የሚሠራ ሁሉ የየራሱ አለው። ሌላ ሰውም ሕይወቱ በዚያ ኬብል ላይ ከሆነ የራሱን ጓጉንቸር ከጎኗ ይጨምራል፤ የመጨረሻው ጓጉንቸር ባለቤቱ በገዛ እጁ እስኪፈታው ድረስ ማንም አያበራም። ስትነግረኝ፣ «ከነፎቶሽ ከተቆለፈ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ማን እንደሞተ ይታወቃል» አልኳት። ሳቀችና ሳህኑን አጠበች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዋ ግን ለእኔም ያስደንቀኛል። ሰው ሁሉ በመሣሪያ ይለካል። እሷም ትለካለች። ለክታ ስትጨርስ ግን ኬብሉን በጨርቅ ትወለውልና የግራ እጇን ጓንት አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታስኬደዋለች። መቶ ሜትር፣ መቶ ሃምሳ ሜትር፣ ጎንበስ ብላ፣ አንዳንዴም ጣሪያው ዝቅ ካለ በጉልበቷ። መጀመሪያ ሰሞን፣ «ላም እያለብሽ ነው እንዴ?» ይሏት ነበር። አሁን ግን ስሟን ትተው «ዳሳሿ» ነው የሚሏት፤ ሲጠሯትም አይስቁም።

አንድ ጊዜ ግን ተሳስታለች። በገባች በስድስተኛው ወር መዳፏ አንድ ቦታ ላይ ቆመና ኬብሉ ይውጣ አለች። ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ፤ ኬብሉ ወደ ላይ ወጥቶ ተሰንጥቆ ሲታይ ደህና ሆኖ ተገኘ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። «ድርጊቱ ቢደገም ከሥራ እስከ መሰናበት የሚያደርስ እርምጃ» የሚለውን መስመር አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እሷ አንድ ጊዜ አነበበችና ፋይል ውስጥ ከተተችው።

ያ ሐሙስ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሌሊት ፈረቃ ገባች። ፊቷን ታጥባ ቅንድቧ ላይ ከሰሉ ቀርቶ ነበር። «ስድስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፣ አምስት ሲሆን ቀስቅሺኝ» ብላ አልጋዋ ላይ ተዘረጋች፤ ለምን እንደምትመለስ ሳልጠይቃት እንቅልፍ ወሰዳት። ስልኳ አጠገቧ ነበር። ሰው ደውሎ እንዳይቀሰቅስብኝ አጠፋሁት። ያችን ቁልፍ በጣቴ ስጫን እንዴት ያለሁ አሳቢ እናት ነኝ ብዬ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ቱታዋን ላጥብ ኪሱን ፈተሽኩ። ብሎን፣ የተጨራመተ ጨርቅ፣ ግማሽ ብስኩት። ከሥሩ ደግሞ የተበጠሰ ክር ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ። ቀይ ፕላስቲክ አለው፤ ቁጥሯም አለበት።

ቁልፉ እዚህ ካለ ጓጉንቸሩ እዚያ ነው። ረስታዋለች! እዚያ ታች ማሽኑ ቆሞ፣ ሰዉ እጁን አጣጥፎ፣ አለቃው እየጮኸ፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ወረቀት እያወጣ ታየኝ። ልጄን አየኋት፤ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሁለተኛውን ደብዳቤ በእጇ ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ደግሞ በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት። ላንቃት አልኩ፤ አሳዘነችኝ። እኔው አደርሰዋለሁ፣ ሳይታወቅ ያልቃል ብዬ ነጠላ ጫማዬን በተዘጋ ጫማ ለወጥኩና ወጣሁ።

ማዕድኑ በር ላይ ያለው ጥበቃ፣ «ማዘር፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።

«የልጄን ቁልፍ አምጥቼ ነው።»

«የቤት ቁልፍ?»

«የጓጉንቸር።» ከመዳፌ ሳልለቅ አሳየሁት። ጥበቃው ቁጥሩን አይቶ ቀና አለና ራሱ እየመራ የፈረቃ አለቃው ቢሮ አደረሰኝ።

የፈረቃ አለቃው አርባ ያልሞላው፣ ሸሚዙ ከሱሪው የወጣ ሰው ነው። ቁልፉን ሲያይ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «እናቴ! እግዜር ነው የላከዎት። ክፍል አራት ከጠዋቱ ጀምሮ ቆሟል። ስልኳ አይሠራም። እሷን ሳናገኝ፣ ሁለት ሰው ሳይፈርም ጓጉንቸሩን መቁረጥ አይፈቀድልኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስደውል ነበር።»

ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አላልኩም። «ደክሟት ነው፤ ረስታው ነው፤ እንዳትቆጣት» አልኩ።

«ኧረ ምን ቁጣ! ሥራዋን ጨርሳለች፤ ይኸው ጽፋለች።» ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የርክክብ መዝገብ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ተጠግኗል፣ ተፈትኗል፣ ደህና ነው ትላለች። ጓጉንቸሯን መፍታት ብቻ ነው የቀራት።» ከውጭ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጠራና ቁልፉን ሰጠው። «ይዘህ ውረድ፤ ፈትተህ አብራላቸው» አለው። ሰውየው ቁልፉን ገልብጦ ቁጥሩን አየ፤ የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩን ከፈት አደረገና፣ «ቶሎ በል እንጂ!» ሲባል ሄደ። አለቃውም፣ «ይቀመጡ እናቴ፣ ውሃ ይጠጡ፤ ልሸኘውና መጣሁ» ብሎኝ ተከትሎት ወጣ።

ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ጀግና የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ልጄን ከእሳት አወጣኋት። ግድግዳው ላይ የጉድጓዱ ካርታ አለ፤ ከሥሩ ስልክ ተሰቅሏል፤ ከስልኩ አጠገብ የየክፍሉ ቁጥር ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ መዝገቡ። የልጄ ጽሕፈት ከሩቅ ይታወቃል፤ እንደ ስፌት ቀጥ ያለ ነው። ሳብ አደረግኩትና አነበብኩ።

«ክፍል አራት። ከማሽኑ በኩል ዐሥራ ስምንተኛው ሜትር ላይ የነበረው ስንጥቅ ተጠግኗል፤ ተፈትኗል፤ ደህና ነው።»

ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ፊርማ የለውም። ልጄ ሳትፈርም ወረቀት አትተውም። ገለበጥኩት።

«ከማብሪያ ሳጥኑ በኩል ሠላሳ ሁለተኛው ሜትር ላይ ሌላ ለስላሳ ቦታ አለ። በዓይን አይታይም። መሣሪያው አልያዘውም፤ እጄ ግን ይዞታል። ኬብሉ በሙሉ ይቀየር። ለላይ ወርክሾፕ ነግሬያለሁ፤ ተለዋጭ እያዘጋጁ ነው። ጓጉንቸሬን ሆን ብዬ ትቻለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።» ከሥሩ ፊርማዋ።

ሆን ብዬ። እነዚህን ሁለት ቃላት ደግሜ አነበብኳቸው። ቁልፉ እየወረደ ነው። ክፍል አራት ደግሞ ወንድሜ የሚሠራበት ነው።

ወደ ውጭ ሮጥኩ። ሊፍቱ ያለበት ሕንፃ ውስጥ ብረት ይንጓጓል፤ ሰው ይጮኻል፤ አለቃው የለም። ተመለስኩና ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አንስቼ የክፍል አራትን ቁጥር ደወልኩ።

«ክፍል አራት» አለ አንድ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን እኔ?» ከዚያ አወቀኝ። ወንድሜ ነው። «እትዬ? ከየት ነው የምትደውዪው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ማብሪያውን እንዳይከፍቱት! ኬብሉ ተበላሽቷል!»

«በሉ ጀመራት!» ከኋላው የሰዎች ሳቅ ሰማሁ። «ዛሬ ነው እንዴ የምሞተው? ሐሙስ አይመቸኝም፣ ለቅዳሜ አድርጊው።»

«ስማኝ እንጂ አንተ!»

«እየሰማሁሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ሊፍቱ ነበር። ከዚያ በፊት ሳንባዬ ነበር። አሁን ደግሞ ኬብሉ። ሰውየው ቁልፍ ይዞ እየመጣ ነው ተብለናል፣ መስመሩን ልቀቂው።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ በከንቱ የጮህኩት ጩኸት በዚያች ቅጽበት አንድ ላይ ተከምሮ አፌ ላይ ቆመ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ብለምነው ይስቃል፤ ባለቅስ የበለጠ ይስቃል። የእኔ ቃል እንደማይሠራ ገባኝ።

«እሺ» አልኩ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «የኔ ቃል አይደለም። የዳሳሿ ጽሕፈት ነው። አንብቤልህ ዝም እላለሁ።»

ልጄን በዚያ ስም ጠርቻት አላውቅም ነበር። አነበብኩለት፤ አንድም ቃል ሳልጨምር። ስጨርስ ሳቁ የለም።

«ሜትሩን ድገሚልኝ» አለ።

«ከማብሪያ ሳጥኑ ሠላሳ ሁለተኛው።»

«እጄ ግን ይዞታል ነው የምትለው?»

«እጄ ግን ይዞታል።»

«ስልኩን እንዳትዘጊ።»

የቦት ጫማ ድምፅ ራቀ። ሰው ሲነጋገር ሰማሁ። ከዚያ አንድ አጭር የብረት ድምፅ፣ ቀጭ። ተመልሶ መጣ። «የኔን ከጎኗ ጨመርኩበት» አለ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። «አሁን ያ ሰውዬ ደርሶ የሷን ቢፈታም የኔ አለ። ቁልፉ ጫማዬ ውስጥ ነው፤ የፈለገ ጫማዬን ያውልቅ፤ ለሽታው ግን ኃላፊነት አልወስድም።» ከዚያ ጠራኝ። «እትዬ?»

«አቤት።»

«እሷ ግን ቁልፏን እንዴት ላከች?»

«አልላከችም» አልኩ። «እኔ ነኝ የሰረቅኳት።»

አለቃው ሲመለስ መዝገቡን ገልብጬ አቀረብኩለት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ሲጨርስ ተቀምጦ ነበር። «ጠዋት አርፍጄ ነው የገባሁት። እሷ ወጥታ ነበር» አለ፤ ለማን እንደሚናገር እንጃ። «አልገለበጥኩትም።» ከዚያ ስልኩን አንስቶ ወደ ታች ደወለና ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዘ።

ወዲያው የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሠራተኛው «ጋሽ ቆይ» ይላቸዋል፤ ምክንያቱም በቀን መቶ ጊዜ፣ «ቆይ» ይላሉ። ተለዋጩን ኬብል ከመጋዘን ሲያስወጡ ቆይተው ወሬውን በመንገድ ሰምተዋል። አለቃውን እንኳን ሳያዩት፣ «ቆይ፣ ቆይ። ቁልፉን ማን ሰጠው?» አሉ።

«እናቷ አመጡት» አለ አለቃው።

«እናቷ ናቸው እንዴ የቆለፉት?»

ጋሽ ቆይ ወደ እኔ ዞሩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ ቁልፍ የሰው ነፍስ ነው። እኔም አለቃዋ ሆኜ አልነካውም። ከመሬት ወድቆ ባገኘው እንኳን እሷን እጠራለሁ እንጂ አላነሳውም።» ከቁጣቸው ይልቅ ትሕትናቸው አቃጠለኝ።

ልጄ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ቁልፉን በሕልሟ ፈልጋው ነው የነቃችው። ቱታዋን ከነከሰሉ ለብሳ፣ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ቢሮው በር ላይ ቆማ መጀመሪያ ያለችው፣ «በርቷል?» ነው።

«አልበራም» አሉ ጋሽ ቆይ። «አጎትሽ የራሱን ጨምሮበታል።»

ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው እኔን አየችኝ። «እማዬ፣ ቁልፌን ነካሽ?»

«የረሳሽው መስሎኝ ነው። ሁለተኛ ደብዳቤ እንዳይጽፉብሽ ብዬ…»

«ስልኬንስ?»

«እንድትተኚ ብዬ።»

ልትጮህብኝ አፏን ከፈተች። አልጮኸችም። «ቆይ» አለች፤ እንደ አለቃዋ። «በኋላ ቤት እንጣላለን። አሁን ሥራ ላይ ነኝ።»

ኬብሉን ማውጣት ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ያንን ጊዜ ሁሉ ወርክሾፑ ውስጥ፣ ባዶ የኬብል መጠቅለያ ላይ ተቀምጬ ሁለት ፍርሃት እያፈራረቅኩ ቆየሁ። ልክ ከሆነች ወንድሜን ልገድለው ነበር። ከተሳሳተች ደግሞ ሥራዋ አለቀ፤ ያ መስመር፣ «ድርጊቱ ቢደገም» የሚለው። የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው መጥተዋል፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይንጎራደዳሉ። መሣሪያ ይዘው ኬብሉን እንደገና ለኩት፤ መሣሪያው ደህና ነው አለ። እሷ ግን ምንም ሳትል ኬብሉን ወለወለች፤ ጓንቷን አወለቀች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትሠራ አይቻት አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ እጇ የተሰነጠቀ፣ ጥፍሯ ሥር ጥቁር የገባበት፣ ቅባት ቀቢ እያልኩ የምጨቀጭቃት እጅ ነው። እዚያ ግን ሌላ እጅ ሆነ። አይፈጥንም፣ አይቆምም፤ የተኛ ሕፃን ጀርባ የሚዳብስ ይመስላል። ወርክሾፑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ከጎኗ ይራመዳል። ሃያ አምስት፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት። መዳፏ ቆመ።

«እዚህ ነው» አለች። ከዚያ ሰው ያልጠበቀውን አደረገች። «እማዬ ነይ። እጅሽን ስጪኝ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ጨርቅ በጣትሽ ለይተሽ አይደለም እንዴ የምትገዢው? ነይ።»

መዳፌን ኬብሉ ላይ አስቀምጣ በእጇ ሸፈነችው፤ ወደ ፊት አስኬደችው። ጎማ፣ ቀዝቃዛ ጎማ። ምንም የለም። መለሰችኝ። ምንም የለም። ሦስተኛ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ መጣ፤ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ፣ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የሚሸሽ። በእጄ አውቀዋለሁ። እሷ ስትወለድ አናቷ ላይ የነበረው እርግብግቢት እንደዚያ ነበር፤ ስንት ሌሊት በጣቴ ጫፍ ሳልጫን ነክቼዋለሁ።

«አለ» አልኩ።

ጋሽ ቆይ ቢላቸውን አወጡ። ጎማውን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀስ አድርገው ገፈፉት፤ ላዩ ንጹሕ ነው፤ ቀጥሎ ያለውም ንጹሕ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ልጄን አየሁ፤ እሷ ቢላውን ብቻ ታያለች። ሦስተኛው ልባስ ሲነሳ ጋሽ ቆይ፣ «ቆይ» አሉና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ አደጋውን ከሚጠቁመው የመሬት ሽቦ አንዱ ክር ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል። የተበጠሰው ጫፍ እንደ መርፌ ሾሎ ኃይል ወደሚያስተላልፈው ሽቦ ልባስ ገብቷል፤ ልባሱን ሊጨርስ የወረቀት ያህል ነው የቀረው። መዳቡ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኗል።

«ዛሬ ይበሳው ነበር?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እሱን አላውቅም» አሉ ጋሽ ቆይ። «ነገ ሊሆን ይችላል። ከወር በኋላም። ወይም ማሽኑ አንድ ጊዜ ሲጎትተው።»

ወንድሜ በዚያ መሃል ከታች ወጥቶ ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር። አንገቱን አስግጎ ያችን የሾለች ጫፍ አየ፤ እኔንም አየኝ። ቀልድ አልመጣለትም፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ልጄ የክስተት መግለጫ ቅጹን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈች። ከትከሻዋ በላይ አነበብኩ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የቁልፌ ክር ሲበጠስ ከአንገቴ አውርጄ ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ርክክቡንም ፊት ለፊት ሳላደርግ ወጥቻለሁ።»

«አንቺ!» ጆሮዋ ሥር ሹክ አልኳት። «ምን ነካሽ? በገዛ እጅሽ? ያመጣሁት እኔ፣ ያላነበበው እሱ!»

«እነሱም ይመጣሉ። አንቺ ሦስተኛ መስመር ላይ ነሽ።» እውነቷን ነበር፤ ከአለቃው ቀጥሎ «የሠራተኛዋ እናት» ተብዬ ተጽፌያለሁ። ከሥር ደግሞ ወንድሜ፣ ጓጉንቸር በመጨመሩ። ፈርሚ አለችኝ፤ ፈረምኩ። አለቃውም መጥቶ መስመሩን አነበበና አንድ ቃል ሳይከራከር ፈረመ።

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ስለ ቁልፉ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል» አሉ።

«ይጻፍ» አለች።

እኔ ልናገር ስል ጋሽ ቆይ ቀደሙኝ። «ቆይ ጌታዬ። እንዲህ ያለ ነገር ላገኘች ልጅ ያ የድሮው ደብዳቤ እንኳን ይነሳላት እንጂ። ያኔም በእጇ ተማምና ነው የተከሰሰችው።»

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይነሳ» አሉ፤ ደስም ያላቸው ይመስላል። እኔ በልቤ እልል ብያለሁ።

«አይነሳ» አለች ልጄ።

ሁላችንም አየናት።

«ያኔ ተሳስቻለሁ። ኬብሉ ደህና ነበር። ዛሬ ትክክል ስለሆንኩ የድሮው ስህተት ትክክል አይሆንም። ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ እጄን ሳምን እንዳላበዛው እሱም ያስታውሰኛል።» ይህን ያለችው ሳትኮራም ሳትሸማቀቅም ነው፤ ልክ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደምትለኝ። ሥራ አስኪያጁ ቅጹን አጣጠፉ። እኔ ደግሞ ይህችን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እኔ ብሆን ኖሮ ደብዳቤውን በልቼው ነበር።

አዲሱ ኬብል ተጠቅልሎ ወረደ። እሷም ልትከተለው የራስ መብራቷን አሰረች። አዲሱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትዳስሰው፣ ሁለቱም ጓጉንቸሮች በባለቤቶቻቸው እጅ ሳይፈቱ አይበራም። ቁልፉ ተመልሶ በአዲስ ገመድ አንገቷ ላይ ገብቷል።

«አልተኛሽም እኮ» አልኳት ሊፍቱ ዘንድ። «ሰው እንቅልፍ ካጣ እጁ ይደነዝዛል፣ ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ከዚያ…»

«ለዚህ ነው አጎቴን አብሮኝ እንዲዳስስ የምወስደው።»

«እኔን?» አለ ወንድሜ። «የኔ እጅ እኮ አካፋ ነው!»

«አካፋም ቢሆን ይማራል። ና ግባ።»

ሊፍቱ ውስጥ ስምንት ሰዎች ተጨናንቀው ቆመዋል፤ ግዙፍ ግዙፍ፣ ፊታቸው የጠቆረ ወንዶች። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ለዳሳሿ ቦታ ልቀቁ» አለና ሁሉም ትከሻቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ልጄ በመሃላቸው ገብታ ቆመች፤ ቁመቷ ደረታቸው ድረስ ነው። የብረቱ በር ተዘጋ። እንደ ወትሮው ሊፍቱ፣ ጋዙ፣ ውሃው፣ ሁሉም በየተራ መጡብኝ። ግን ትቼ አልሄድኩም። መብራቷ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሲቀንስ፣ ከሌሎቹ መብራቶች ጋር ሲቀላቀል ቆሜ አየሁ፤ የቱ የሷ እንደሆነ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ።

አጠገቤ አንድ ተራ የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ «ማዘር፣ ያቺ ልጅ ክፍል አራትን ይዛለች ዛሬ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እንግዲያው ደህና ነን» አለና መብራቱን አበራ።